4118 ማን ነው?

«ማህሌት፣ 4118ን የት አደረግሽው?» አሉኝ ጋሼ ተመስገን፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ። ኮምፒውተሩ ላይ የታማሚዎች ካርድ ቁጥር ከ4117 ቀጥሎ 4119 ነው። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ እንኳ ያን ቀን እንደሳቸው አላቃጠለኝም።

«ሰው አልሰረዝኩም ጋሼ። ማሽኑ መጀመሪያ ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያ ቅጹን ያያል። ቅጹ ካልተሟላ አይመዘግብም፤ ቁጥሩ ግን የፈሰሰ ውሃ ነው፣ አይታፈስም።»

«ሠላሳ ዓመት በባሕር መዝገብ ስሠራ ቁጥር ዘሎ አያውቅም። ገጽ ካልተቀደደ በቀር!»

ከዞን የመጣችው ኦዲተር ናጅዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይ አንድ ስም ጻፊበት፣ ወይ የካርድ ክፍሉን ቁልፍ አስረክቢ።»

ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ግን የሌለ ታማሚ ከየት ልውለድ? ንዴቴ ፍርሃቴን ቀደመውና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

ናጅዋ ገባች። «የጎደለው ቁጥር የቱ ነው?»

ጋሼ ሳይመልሱ በመስኮቱ እትዬ እቴነሽ ብቅ አሉ። ባለፈው ሳምንት ከቀወት ገጠር መጥተው፣ ማሽኑ እምቢ ብሏቸው የተመለሱ ናቸው።

«ዛሬስ ይቀበለኛል?»

ስማቸውን ጻፍኩ። «የባለቤትዎ ስም?»

አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «የቤቴን ጌታ ስም በአፌ አልጠራም ብዬሽ የለ? ነውር ነው።»

ቦታውን ባዶ ትቼ፣ ጋሼና ናጅዋ እያዩኝ፣ «መዝግብ» የሚለውን ተጫንኩ። ማሽኑ እምቢ አለ።

«እንደምንም ይንገሩኝ እትዬ።»

ጣታቸውን ወደ ጋሼ ዘረጉ። ባለፈው ሳምንትም ወደ ጋሼ ቢሮ በር ሲጠቁሙ ኃላፊውን የፈለጉ መስሎኝ ነበር። አሁን ጣታቸው ያነጣጠረው ጋሼ ደረት ላይ ወዳለው የስም ባጅ ነው።

«ተመስገን?»

«እሱው፣ የሳቸው ሞክሼ ነው» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

ጻፍኩና ተጫንኩ። ተመዘገቡ፤ ቁጥራቸው 4204። ከሳቸው በፊት የነበረው ሰው 4202 ነው፤ 4203ን ማሽኑ አሁን እምቢ ሲል በላው። 4118ም እንዲሁ እሳቸው ላይ የባከነ ቁጥር ነበር።

ናጅዋ ሁለቱን ቁጥሮች ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረች። ቁልፉን አንስታ እጄ ላይ መለሰችልኝ። እኔ ተገላገልኩ ብዬ ስተነፍስ ዞር አለችና፣

«ቅድም ‹ስም ጻፊበት› ሲል የሰማሁት ማን ነው?» አለች።

ጋሼ ላባቸውን ጠረጉ። እኔም እንደ እትዬ እቴነሽ ስም አልጠራሁም። ጣቴን ዘረጋሁ።