የመምሬ ይሄይስ ቀኝ እጅ

መስቀሉ ከመምሬ ይሄይስ እጅ አምልጦ ዓባይነሽ እግር ሥር ወደቀ። ልትሳለም ጎንበስ እንዳለች ደርቃ ቀረች።

"እኔን አባቴ! መታሁዎ እንዴ?"

"አንቺ አይደለሽም። እጄ ነው።"

ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ከሁለት ዓመት በፊት ከቀብር ሲመለሱ ተኩስ መካከል ገብተው ጥይት ዳሌያቸው ውስጥ ቀርቷል። ያኔ "ካልቆረቆረዎ አይነካ" ተባሉ። በኋላ ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው ሰው ዓይነ ጥላ ነው ብሎ ጠበል ለጠበል አዞራቸው።

ማክሰኞ ከማንኩሳ በባጃጅ ፍኖተ ሰላም ሄዱ። ሐኪሙ አንዷለም ራጁን ወደ መስኮቱ አነሣው። የዳሌው መገጣጠሚያ ውስጥ ነጭ ፍርፋሪ ተበትኗል።

"የጥይቱ እርሳስ ነው አባ። የመገጣጠሚያው ፈሳሽ እያሟሟው ደምዎ ውስጥ ገብቷል ብዬ እፈራለሁ። ሆድዎንም እጅዎንም የያዘው እሱ ይመስለኛል።"

"አይወጣም?"

"ባሕር ዳር ቢደርሱ ይወጣ ይሆናል። የደሙ ምርመራም እዚህ የለም።"

"በየት በኩል ልድረስ?"

ሐኪሙ ራጁን ፖስታው ውስጥ መለሰ። የባሕር ዳሩ መንገድ በውጊያው ከተዘጋ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤታቸው ንግሥቴ እጃቸውን ልትፈትን ሳህን ውሃ ሞልታ አስያዘቻቸው። ነገ ቅዳሴ አለ። ቅዳሴ ደግሞ ያለ ሁለት ቄስ አይገባም፤ በደብሩ የቀሩት እሳቸውና ዓይናቸው የጠፋው አዛውንቱ መምሬ ክንፈሚካኤል ብቻ ናቸው። ውሃው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

"እንደገና ይሞክሩት" አለች ንግሥቴ። ሦስተኛውም ፈሰሰ።

"ምን ተንጠባጠበ?" አሉ ጥግ የተቀመጡት መምሬ ክንፈሚካኤል። "እኔ ዓይን የለኝ፣ አንተ እጅ የለህ። ተደምረን አንድ ቄስ አንሞላም!"

መምሬ ይሄይስ ሳህኑን አስቀመጡ።

"ቅዱስ ሥጋው ከእጄ ቢወድቅስ አባቴ?"

"ብትቀርስ? የደብሩ ደጅ ሊዘጋ አይደል?"

አዛውንቱ ይህን እንዳሉ ዓባይነሽ በቁና የተለቀመ ስንዴ ይዛ ገባች።

"ለነገው ቅዳሴ መገበሪያ ነው። የሟች ልጄን ስም ይጥሩልኝ።"

ንግሥቴ ባሏን አየች፤ እርጥቡን ምንጣፍ በእግሯ ሸፈን አደረገች።

መምሬ ይሄይስ ቁናውን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ መልሰው ዘረጉላት።

"ከቤትሽ ይቆይ፣ ልጄ።"

"እስከ መቼ አባ?"

"እንጃ" አሉ።