ያልጮኸው ነፍጥ

«እርጥበት ነው አልኩሽ እኮ! ባሩዱ እርጥበት ገብቶበት ነው።»

«ሦስቱም ጊዜ?» አለች ዲሊስ። «ከአንድ አፈሙዝ የሦስት ተኩስ ባሩድ ነው ዝቄ ያወጣሁት፣ ሌን። ቢቀጣጠል ኖሮ ዛሬ የምናይህ በፎቶ ነበር።»

ሌናርድ ፐርኪስ ዓይኑን ወደ ድንኳኖቹ አዞረ። በየድንኳኑ ደጅ የአሳማ ሥጋቸውን የሚጠብሱት የጭፍራው ሰዎች ያልሰሙ መስለው መጥበሻቸው ላይ አቀርቅረዋል።

የጥንቱን የእርስ በርስ ጦርነት ለተመልካች ለማሳየት የንጉሡ ጦር በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለሁለት ቀን እዚህ የዋርዊክሻየር መስክ ላይ ይሰለፋል፤ በየዓመቱም በፓርላማው ጦር ይሸነፋል። ሌናርድ ለንጉሡ ነፍጥ ተሸክሞ ሲሸነፍ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ትናንት ውጊያው ሲያበቃ እንደ ደንቡ ባለነፍጦቹ ተሰለፉ፤ የሃምሳ አለቃቸው ዲሊስም በእያንዳንዱ አፈሙዝ የብረት ዘንግ እየጣለች አለፈች። ባዶ ነፍጥ እንደ ደወል ያቃጭላል። የሌናርድ ግን ጆንያ ላይ እንደወደቀ ድንጋይ «ድፍ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሥር ነፍጥ አብሮ ሲጮህ የራሱ መክሸፉን የሚያውቅ ጆሮው የነቃ ሰው ብቻ ነው። ጥይት የለውምና ትከሻን አይመታም። ሌናርድ ከጓደኞቹ ጋር ቃታ ሳበ፣ ጭሱ ዋጠው፣ የተኮሰ መሰለውና በላዩ ላይ ደግሞ ባሩድ አጎረሰ።

«ነፍጥ መተኮስ ያስተማርከኝ አንተ ነህ» አለች ዲሊስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዝቅ ስታደርገው ከንፈሯን ማየት ነበረበት። «እሺ፣ ዙርና ቁም። ከእነዚህ ሁለት ነፍጦች አንዱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄአለሁ። ዘንጉን ልጣልባቸው፤ ባዶው የቱ እንደሆነ ንገረኝ። ካወቅህ አፌን እዘጋለሁ።»

ጀርባውን ሰጣት። ፊት ለፊቱ ያለው አጥር ላይ ቁራዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ጠበቀ። ጥርሱን ነክሶ፣ መላ አካላቱን ጆሮ ሊያደርግ እየታገለ ጠበቀ። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። በቃ፣ ጨርሳለች ማለት ነው።

«የመጀመሪያው ነው ባዶው» አለ ኮራ ብሎ።

ሲዞር ከኋላው የቆመው በሰልፍ ጎረቤቱ የሆነው ኮሊን ነበር፤ ሻይ ይዞለት መጥቷል። ዲሊስ ከወዲያ ዘንጉን በእጇ እንዳንጠለጠለች ቆማለች።

«ገና አልጣልኩትም፣ ሌን።»

ኮሊን ሻዩን የት እንደሚያደርገው ግራ ገባው።

«የጆሮ መስሚያ ባደርግስ?» አለ ሌናርድ። «ሚያዝያ ላይ የባለነፍጦቹን ፈተና እንደገና ብፈተን?»

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

ሻዩን ተቀበለ፤ አልጠጣውም። «ነርቩ ሞቷል ነው የሚለው። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ዲሊስ ከትከሻው ላይ የባሩድ ጠርሙሶቹ የተንጠለጠሉበትን ቀበቶ ስታወልቅለት እንደ ሕፃን እጁን አነሳላት።

«ውሃ ታመላልስልናለህ» አለችው። «ካልፈለግህ ደግሞ ገና ከጅምሩ ሞተህ ትተኛለህ። ሬሳ ሁልጊዜ ያጥረናል።»

«እኔ ብሆን ሬሳውን ነበር የምመርጠው» አለ ኮሊን። «ሬሳን ጡረታ ውጣ የሚለው የለም።»

ሌናርድ አብሯቸው ሳቀ። የመጨረሻዎቹን ቃላት ግን አልያዛቸውም ነበር።

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሕዝቡ በሜዳው ዳር የተወጠረውን ገመድ ይዞ ሞላ። ሌናርድ የውሃውን ባልዲ ይዞ ከዳር ቆመ። ከበሮ መቺው እጁን ሲያነሣና ሲጥል ያያል። ባለነፍጦቹ ተሰለፉ፤ ከኮሊን ቀጥሎ የአንድ ሰው ክፍተት ነበር። ዲሊስ አፏን ከፈተች። ሰዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ተጠጉ፤ ክፍተቱ ተዘጋ። ቆንጆ ሰልፍ ሆነ።

ነጩ ጭስ ከዳር እስከ ዳር ብድግ አለ። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ፤ ሕዝቡ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋ። ሌናርድ ባልዲውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሕዝቡ ጀርባ በኩል ወደ መኪናው ሄደ። ሞተሩ መነሣቱን በመሪው ንዝረት አወቀ። የመውጫው በር ጠባቂ ውጊያውን ለማየት አጥሩ ላይ ወጥቶ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።