የራዊያ ምዝገባ

እኛ ዘንድ የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ለትምህርት መድረሱ የሚታወቀው በጆሮው ነው። ቀኝ እጁን በአናቱ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ደርሷል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል።

የኔዋ ራዊያ ስምንት ዓመቷ ነው። እጆቿ ደረቷ ላይ ይታጠፋሉ፤ ልዘርጋ ስትል ይብሱን ይገተራሉ። እግሮቿም አይቆሙላትም። ከባጃጅ አውርጄ፣ አዝዬ ገብቼ፣ ቆቦ ካለው ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ክፍል አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳት።

መምህር በላቸው ከጎጃም ተመድበው የመጡ ናቸው። መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀሩ «ጆሮሽን ንኪ» አሏት። ሞከረች። ፊቷ በላብ ራሰ፤ እጇ ግን ከአገጯ አላለፈም።

«ለከርሞ ያምጧት፣ እናት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «እጇ ለከርሞም አይደርስላትም! ሁለት ቀን አምጬ ነው የወለድኳት፤ ሳታለቅስ ነው የወጣችው። ጎረቤት ጅን ነው ቢለኝ አምኜ ስንት ደጅ ጠናሁ። ኋላ ነው የጤና ጣቢያዋ መቅደላዊት ያስረዳችኝ። ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። ስትወለድ አየር አጥሯት፣ ከአንጎሏ ሰውነቷን የሚያዘው ቦታ ተጎድቷል። ሐሳቧ ግን ወላሂ ሙሉ ነው!»

መምህሩ አፈሩ። ተነስተው ከፊቷ ቁጢጥ አሉና «ስምሽ ማነው?» አሏት።

«ራዊያ ነጅሙዲን» አልኩ እኔ።

«ቁጥር ትችያለሽ?»

«እስከ መቶ! እህቷ ኢቅራ ስታጠና ሰምታ ነው የለመደችው።»

የራዊያ አንገት ተወጠረ። እንዲህ ስትሆን መናገር ፈልጋ ነው። ቃሉ እስኪወጣት ግን ይቆያል፤ ሰው ደግሞ አይታገሥም። ስለዚህ ሁልጊዜ እኔ እቀድምላታለሁ።

«ውሃ ጠምቷት ነው» አልኩ።

«ይተዋት» አሉ መምህሩ። «የምመዘግበው እሷን ነው፤ ከእሷ ልስማ።»

ጠበቅን። በረንዳው ላይ የተሰለፈው ወላጅ አጉረመረመ። ለሃጯ ሲወርድ ልጠርግላት እጄን ብሰድ ፊቷን አዞረችብኝ።

«እ... ማ» አለች በመጨረሻ። «አንቺ... ው... ጪ።»

አልሰማሁም ብል ደስ ባለኝ። ግን መምህሩም ሰምተዋል።

ወጣሁ። በሩ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄን ሰው አልሰማት አለ እያልኩ ሳማርር፣ እኔ ራሴ አንድ ቀን እንኳ ተናግራ እስክትጨርስ ጠብቄያት አላውቅም።

ከውስጥ መምህሩ ስሟን እንደገና ጠየቋት። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ በሻሼ ጫፍ አፌን አፍኜ ጠበቅኋት።