የክንዱ መርፌ

በ1982 ዓ.ም. ከጦር ግንባር የመጡ ቁስለኞች ባሕር ዳር የሚገኘውን አንድ ሆስፒታል አጨናነቁት። አልጋ ያልደረሳቸው ወለሉ ላይ ተኝተው ነበር። የሁለተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዋ መዲና የዚያን ቀን ጧት ለሠላሳ አንድ ሰዎች ፔኒሲሊን እንድትወጋ ታዘዘች።

የተማረችው ግልጽ ነበር፤ መጀመሪያ ቆዳ ላይ ጥቂት ሞክሮ ሩብ ሰዓት መጠበቅ፣ ቆዳው ካበጠ መድኃኒቱን አለመስጠት።

"ሲስተር፣ ሙከራውስ?" ብላ የክፍሉን ኃላፊ ጠየቀች።

"ለዚህ ሁሉ ሰው ስትሞክሪ ልትውይ ነው? ዝም ብለሽ ውጊ!" አሏት ሲስተር ፀሐይወርቅ።

መዲናም ሳትሞክር መውጋት ጀመረች። ዘጠነኛው ክንዱ የሚባል እግሩን የቆሰለ የዱርቤቴ ልጅ ነበር፤ ጢሙ ገና አላቀመቀመም። መርፌውን ነቅላ ሳትርቅ፣ "እህቴ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ" አላት። ፊቱ አበጠ። ሐኪሙ ሮጦ ሲደርስ ትንፋሹ ቆሞ ነበር።

"በቁስሉ ሞተ ብለሽ ጻፊ" አሉ ሲስተር ፀሐይወርቅ።

መዲና ግን በሕክምና ካርዱ ላይ "ሳልሞክር ወጋሁት" ብላ ጽፋ ፈረመች።

በማግስቱ የክንዱ አባት መሞቱን ሳይሰሙ ሊጠይቁት አገልግል ይዘው መጡ። መዲና በር ላይ ጠብቃ ሁሉንም ነገረቻቸው።

ሽማግሌው አገልግሉን መሬት ላይ አስቀመጡ። "ከጦርነት ተርፎ ወጣ ብለውኝ፣ ስለቴን አስገብቼ መምጣቴ ነበር" አሉ። አልረገሟትም፤ ይቅርም አላሏት። ሬሳው ወዳለበት እንድትወስዳቸው ብቻ ጠየቋት።

በሳምንቱ መዲና በካርዱ ላይ በጻፈችው ቃል ተጠያቂ ሆና ከትምህርቷ ተባረረች።