አንገቱን ብቻ ወይስ ሙሉውን

ብቻ የሞንታናው ጺማም ሰውዬ የጥይቱን ቀለህ አንገቱን ብቻ አጥብቢ ነው የሚለው፣ እሺ፣ ለእኔ ለይቶ አላለኝም፣ ዩቱብ ላይ ለሰው ሁሉ ነው ያለው፣ ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ነው ያለው፣ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ በእሳቱ ያብጣል፣ የጠመንጃሽን ጉሮሮ መልክ ይይዛል፣ ሰፊ ለክቶ እንደሰፋው ልብስ ልክክ ይላል፣ ታዲያ እንደገና ልትሞዪው ስትይ ለምን መላ አካላቱን ትጨፈልቂዋለሽ፣ ጫፉን፣ እርሳሱን የሚነክሰውን አንገቱን ብቻ ሰብሰብ አድርጊው፣ በቃ። ልክ ነው። የአይዳሆዋ ሴትዮ ደግሞ እሱን አትስሚ ትላለች፣ ጀማሪ ነሽ፣ ከአንገት እስከ ታች ሙሉውን አጥብቢ፣ ወደ ፋብሪካ ልኩ መልሺው፣ ማንኛውም ጠመንጃ ያለ ጭቅጭቅ ይጎርሰዋል። እሷም ልክ ናት። ሁለቱም ልክ ከሆኑ እኔ በካፊያ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ምን ልሁን?

ቀለህ መጫኛው ፕሬስ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ታስሯል፣ ረጅም እጀታ አለው፣ የድሮ የውሃ ፓምፕ ነው የሚመስለው። አጠገቡ ሁለት ዳይ፣ ገና ከነማሸጊያቸው፣ አንዱ የአንገት አንዱ የሙሉ፣ ያልከፈትሽውን መልሺልኝ ብሎኛል ባለሱቁ። ልጄ ልዕልት ምንድን ነው ይሄ ብላኝ፣ ወፍራም የብረት ቱቦ ነው፣ ያበጠውን ቀለህ ወደ ውስጥ ስትጫኚው ያጠበዋል ብዬ ባስረዳት፣ ሶ ኢትስ ላይክ ኤ ኮርሴት? አለችኝ። አዎ ልጄ፣ ያ ወገብ ሸምቅቆ የሚይዘው ኮርሴት ነው፣ እናትሽን እንቅልፍ የነሳት የአንገት ኮርሴት ይሻላል ወይስ የሙሉ ሰውነት የሚለው ነው። ሥራ ላይ እኮ እንዲህ አይደለሁም፣ ያን የሚያህል ባስ ስነዳ ቢጫ መብራት ላይ ማቆምም ማለፍም ለእኔ አንድ እስትንፋስ ነው፣ እዚህ ግን ጣቴን የምታህል ነሐስ ገተረችኝ።

ነሐሷም አይደለች። እውነቱን እንነጋገር ውባንቺ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ናቸው።

የባሌ አጎት ናቸው፣ የታኮማው፣ አደን ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ጠመንጃ አያያዝ፣ ትንፋሽ መዋጥ፣ ብርድ ላይ አፍን መዝጋት፣ ሁሉንም። የእኔና የእሳቸው ጠመንጃ አንድ ዓይነት ጥይት ነው የሚጎርሰው፣ ግን የእሳቸው ጉሮሮው ጠባብ ነው፣ እንደ ባለቤቱ፣ ያልወደደውን አይውጥም። ሶ፣ በእኔ ጠመንጃ የተተኮሰውን ቀለህ አንገቱን ብቻ ካጠበብኩት ለእኔ ብቻ ነው የሚሆነው፣ ሙሉውን ካጠበብኩት ለሁለታችንም። ይኼን ብዬ ትናንት ኮል አደረግኩላቸው፣ ጋሼ ጥይት ራሴ መሙላት ልጀምር ነው፣ ለእርስዎም ጭምር፣ አልኳቸው፣ እሳቸው ደግሞ፣ ለእኔ አትድከሚ ልጄ፣ አንገት አንገቱን አጥበሽ ለራስሽ አድርጊው፣ እኔ በቅቶኛል፣ ጠመንጃውን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ፣ ነገ መጥቼ ካንቺ ካዝና እወስደዋለሁ። የሚገዛ ሰው! ጠመንጃቸው እኔ ካዝና የሚያድረው አፓርትማቸው ስለጠበበ እንጂ ለሽያጭ እንዲመች አልነበረም እኮ።

ምክንያቱ ያ አጋዘን ነው። የአምናው። ከተራራው ማዶ ስንት ብርድ ጠጥተን ስንጠብቅ፣ መጣ፣ ባስ እንደሚጠብቅ ሰው ጎኑን ሰጥቶ ቆመ፣ ጋሼ አነጣጠሩ፣ ተኮሱ፣ ጉቶ መቱ። አጋዘኑ ቢደነግጥ እንኳ ጥሩ ነበር፣ አልደነገጠም፣ ጉቶውን አየ፣ ወደ እኛ አየ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ተክሌ ሳቀ። ሳቁን ዋጥ ቢያደርግ ምን ነበረበት፣ ባሌ መሣሪያ ይፈራል፣ ድንኳን ሊተክልና ሻይ ሊያፈላ ነው አብሮን የመጣው፣ ሳቅ ግን አይፈራም። ከዚያ በኋላ ጋሼ የዓይናቸውን ሞራ አስገፈፉ፣ ሐኪሙም እንደ ወጣት ያያሉ ብሏቸዋል፣ ቲቪ ላይ ከታች የምትሮጠዋን ደቃቃ ጽሑፍ ከሶፋቸው ሆነው ነው የሚያነቡት፣ ጠመንጃ ግን አይነኩም። ቤተ ክርስቲያን ሰው ስለ አደን ሲያነሳ እሳቸው ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ።

ኦኬ። ትልቅ ሰው በቃኝ ካለ በቃው ነው፣ ማክበር ነው፣ ደግሞም የአንገቱ ንጹሕ ሥራ ነው፣ እንደ ሙሉው በቅባት መለቃለቅ የለበትም፣ ቀለሁም ዕድሜው ይረዝማል፣ እኔም ብሆን የምፈልገው እሱን ነው፣ የሞንታናውን፣ ልክክ ያለውን። ተወሰነ። የአንገቱ። እጄን ዘረጋሁ፣ እጄ የሙሉውን ማሸጊያ ቀደደችው።

ምን ነካሽ አንቺ ሴት፣ አሁን መመለስም የለም።

ቀለሁን በጣቴ ጫፍ ቅባት ቀባሁ፣ ስስ አድርጊ ብላለች የአይዳሆዋ፣ ስስ አደረግኩ፣ እጀታውን ወደ ታች ስጫን ገባ፣ ገባ፣ ገባና ቀጥ አለ። ወደ ላይ ብመልሰው አይመለስም። ብታገለው ጠረጴዛው አብሮ ተነሳ። ስስ ያልኩት ለካ ምንም ነው። ተክሌ! ተክሌዬ!

መጣ፣ የብስክሌት ሄልሜቱን አድርጎ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይፈነዳል እንዴ? ይላል፣ ምን ይፈነዳል፣ ባሩድ ገና አልገዛሁም፣ ባዶ ነሐስ ነው፣ ታዲያ ይኼ የሚሸተው ምንድን ነው? ያንተ ሽሮ ነው ተክሌ! ሮጠ፣ ሽሮውን አወረደ፣ ተመለሰ፣ ሄልሜቱ እንዳለ። ቤልቪው ቢሮው ውስጥ ስንት ኢንጂነር የሚያዝ ሰው ተንበርክኮ ትከሻውን ከእጀታው ሥር ሰካ፣ እኔ ጠረጴዛው እንዳይነሳ ላዩ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ፣ ውቤ ከብደሻል፣ ዝም ብለህ ግፋ፣ በእመብርሃን፣ ግፋ፣ ጧ! ቀለሁ ተላቀቀ፣ ተክሌ ተፈናጥሮ ተነስቶ አናቱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ፣ ሄልሜቱ አተረፈው፣ አየሽ፣ አላልኩሽም ነበር? አለኝ በኩራት። ይህን ዓመቱን ሙሉ ነው የምሰማው።

ሁለተኛውን አልሰሰትኩም፣ እንደ ሙሽራ ጠጉር ነው የቀባሁት፣ ሸርተት ብሎ ገባ፣ ሸርተት ብሎ ወጣ፣ ምን ያምራል! ደግሞ በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ ናቸው፣ የዝናብ ኮታቸውን አላወለቁም፣ ይቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም፣ መኪናውን መንገድ ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ ሰውየው ሱቅ ይጠብቀኛል። ካዝናውን ከፈትኩ፣ መቀባበያውን ስቤ ባዶነቱን አሳየኋቸው፣ እሳቸውም ደግመው አዩ፣ ሰጠኋቸው፣ እና አፌ እጄን ተከትሎ፣ ጋሼ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩልኝ፣ ባዶ ቀለህ ነው፣ ባሩድም እርሳስም የለው። መጀመሪያ ያልነካሁትን ሰጠኋቸው፣ በእኔ ጠመንጃ ያበጠውን፣ መቀባበያው አልዘጋ አለ፣ የእኔ ጠመንጃ መራጭ ነው አላልኩሽም፣ አሉ። ከዚያ ያጠበብኩትን። አስገቡ። ገፉ። ቀጭ። ዘጋ። ከፈቱት። ዘጉት። ደግመው ከፈቱት፣ ዘጉት፣ ምነው ፊታቸው አይነበብም፣ ተቆጡ እንዴ፣ አልፈልግም ያሉትን ሰው ለምን ትጎትቺያለሽ ሊሉኝ ነው፣ ትክክል ናቸው፣ ይቅርታ ልበል

ቅባቱን ለምን አልጠረግሽውም፣ ጠመንጃዬን አጨቀየሽው እኮ።

ጠመንጃዬን አሉ። ጨርቅ ሰጠኋቸው። ቀለሁን ጠረጉ፣ ከዚያ ጉሮሮውን መጥረግ ጀመሩ፣ ረጅም አጠራረግ ነው፣ ሊሸጡት ላሉት ጠመንጃ የሚበዛ፣ ተክሌ፣ ሰውየው ሱቅ እየጠበቀ አይደል እንዴ ሊል አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት፣ ዋይ አለ። ለመሆኑ ዘንድሮ የት ልትሄዱ ነው? አሉ ቀና ሳይሉ። ያው የአምናው ሸለቆ ጋሼ። የአምናው! አብደሻል? ነፋሱ ከኋላ እየመታን ጠረናችንን ለአገሩ ሁሉ ሲያደርስ አልነበረም እንዴ፣ ከዚያ ማዶ ነው የሚኬደው፣ ከገመገሙ፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ኮረብታ አደረጉት፣ የዳዩ ካርቶን መንገድ ሆነ፣ በጣታቸው ወንዝ አሰመሩ፣ ይኸውልሽ እዚህ ጋ እንቀመጣለን፣ እንቀመጣለን አሉ፣ ሰማህ ተክሌ፣ ዝም በል ብቻ፣ እኔም ወንዙ በቀኝ መሆኑን አሳምሬ እያወቅኩ፣ ጋሼ፣ ወንዙ በግራ አይደለም እንዴ? አልኩ፣ ኮታቸውን አውልቀው ፕሬሱ እጀታ ላይ ሰቀሉና፣ አንቺ ልጅ ዓይን የለሽም እንዴ?