ኢኮ የሌላት ትርንጎ

ባለሙዚቃ ቤቱ ደርሰህ የዘፋኟን የትርንጎን ዘፈን ፍላሽ ላይ በጫነ ቁጥር ከሙዚቃ ቤቱ ጓዳ አንዲት ትርንጎ ትወጣለች። ደንበኛው ፍላሹን በኪሱ ከቶ፣ ትርንጎን እጇን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዘፈኑ ሲሰለቸው ወይም ፍላሹ ሲሞላበት ዘፈኑን ያጠፋል፤ ትርንጎንም ይገድላል። እሷ ካልሞተች ፍላሹ ቦታ አይለቅም።

ዋናዋ ትርንጎ፣ ስቱዲዮ ገብታ የዘፈነችው ማለት ነው፣ መጀመሪያ የተናደደችው ለልፋቷ ነበር። አልበሟ ገና ሳይወጣ በየመንደሩ ይዘፈናል። አንድ እሁድ ጠዋት ግን ጎረቤቷ ጋሽ በዛብህ ጓሮው ውስጥ አንዷን ትርንጎ በመጥረቢያ ጨረሳት። ትርንጎ የገዛ ጩኸቷን በአጥሩ በኩል ሰማች።

«የልጅ ልጄ ክርስትና ቪዲዮ ፍላሹ ላይ አልገባ ብሎኝ እኮ ነው፤ አይክፋሽ» አላት ጋሽ በዛብህ፣ መጥረቢያውን እየጠረገ።

አልከፋትም፤ ፈራች። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ ደርሰህ ሱቅ ገሰገሰች።

«ደርሰህ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ንቀኸኛል። አሁኑኑ አቁም!»

ደርሰህ ቀና ብሎ አያትና ወረፋ የያዙትን «ይቺን ማን ነው ያመጣት?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ነኝ እኮ! ትርንጎ!»

«ሁላችሁም ትርንጎ ናችሁ።»

«እናትህ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ አብሬህ የተቀመጥኩት ማን ሆኜ ነው?»

«እሱንም ሁሉም ያውቁታል። ሲገለበጡ ይዘውት ይወጣሉ።»

ደርሰህ ጨካኝ ሰው አልነበረም። በጆሮው የሚመካ ሰው ነበር እንጂ። «በይ እስቲ ዝፈኚ» አላት።

ትርንጎ ነፍሷ በዚያች ዘፈን ላይ እንደተንጠለጠለች ገብቷታል። እንዲያ አምርራ ዘፍና አታውቅም። ደርሰህ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። እሱ ዘፈን ሲገለብጥ ቤዝ ይጨምራል፣ ኢኮ ይለቅበታል፤ የሙያው ወግ ነው፣ ደንበኛም ያለዚያ አይቀበልም። የትርንጎን ድምፅ ባዶውን ከሰማ ዓመታት አልፈዋል።

«ኢኮ የላትም» አለ። «የተበላሸች ናት። ስሜን ታስጠፋለች።»

ሁለት ሰዎች ከወረፋው ወጥተው ያዙለት።

«ጆሮህ ይደፈን!» አለችው ትርንጎ።

ደርሰህ ከባንኮኒው ሥር ገጀራውን አውጥቶ አንገቷን መታ። አልቆረጠም። ደገመ፤ አሁንም አልቆረጠም፤ እሷም እስከዚያው ትጮህ ነበር። በሦስተኛው ጭንቅላቷ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሚያሳዝን ነገር ነው፤ በሱቁ ውስጥ ግን ያዘነ ሰው አልነበረም። ደሙ ጫማውን የነካው አንድ ሰው ብቻ ተበሳጨ።

ደርሰህ እጁን ታጥቦ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰና «ተረኛ!» አለ።

ጫማው የተበላሸበት ሰው ፍላሹን አቀበለው። ዘፈኑ ተጭኖ ሲያልቅ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። የወጣችው ትርንጎ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ ይዛ፣ ከነኢኮው ትዘፍን ነበር።

«ቤዙ ይበቃሃል?» ሲል ጠየቀ ደርሰህ።

«ግሩም ነው» አለ ሰውየው። ሁለቱም እጆቿ ስለተያዙ ክርኗን ይዞ ወደ ታክሲ ሰልፉ ወሰዳት።