እማማ አገሬ የተሳሉት

አይዳ እናቷን ከባጃጁ ደግፋ አወረደችና ሾፌሩን ጌዲን ጠብቀን ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ወሰደቻቸው። ለተሜ ዛሬ መልስ መስጠት አለባት። ተሜ ፊልም ሊሠራ ነው፤ የጃዝ ዘፋኝ ሆና የምትጫወት ሴት ይፈልጋል፤ መዝፈኑንም መተወኑንም እኩል የምትችል ካንቺ ሌላ አላውቅም ብሏታል። እውነቱን ነው። አሥራ አምስት ዓመት አዲስ አበባ ሆቴል ስትዘፍን፣ ቴአትር ቤት ስትተውን የኖረች ሴት፣ ይኸው ዛሬ ጅጅጋ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ትጽፋለች።

በኮሮና ጊዜ እሷ አዲስ አበባ በኦክስጅን ስትተነፍስ እማማ አገሬ እዚህ ሆነው ለራጉኤል ተሳሉ፤ ልጄን ካተረፍክልኝ ሁለተኛ አትዘፍንም አሉ። እሷን ማን ጠየቃት! ተረፈች፣ ተወችው። የእናቷን ቃል አፍርሳ እሳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ዕድሜ ልኳን ራሷን ይቅር አትልም።

የንስሐ አባታቸው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ የተሳሉት እሳቸው ናቸው። በአፋቸው ይንገሩኝና በሌላ እለውጥላቸዋለሁ።"

አይዳ ጎንበስ አለች። "እማዬ፣ የስለቱን ነገር ለአባ ንገሪያቸው።"

እማማ አገሬ መስቀል ተሳለሙና ዞረው አዩዋት።

"ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?"

አባ አቀረቀሩ። የመርሳት ሕመሙ እናቷን ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ሆኗል፤ እንደ ዛሬ ግን አንጀቷን ቆርጧት አያውቅም።

ሲመለሱ ጌዲ በሶማሊኛ ሆዮ፣ እናቴ፣ እያለ አጫወታቸው። እሳቸውም ፊታቸው በራ።

"ልጄ እኮ ዘፋኝ ናት" አሉት። "አዲስ አበባ ነው ያለችው። ስትዘፍን ብትሰማት!"

አይዳ ስልኳን አወጣችና ለተሜ ሌላ ሰው ፈልግ ብላ ጻፈች። ላከችው። እናቷ ግን ስልኩን ካዩ በኋላ አልለቀቋትም፤ የልጄ ዘፈን እዚህ ውስጥ አለ፣ ክፈቺልኝ ብለው ሙጭጭ አሉ። ከፈተችላቸው። ሳክስፎኑ ቀደመ፣ ከዚያ የራሷ ድምፅ መጣ። እማማ አገሬ ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ አዳመጡ።

"አንቺም አብረሽ በይ እንጂ" አሏት። "አታውቂውም እንዴ?"

አይዳ ከንፈሯ ላይ የደረሰውን ስንኝ ዋጠችው።

"አላውቀውም፣ እማማ" አለች፣ የሰው እናት እንደሚጠራ ሰው።